ምንጩ ጋ ሲደርስ የሚናገረው ቴፕ

መጀመሪያ ዓይን የምትይዘው ያቺ ሽቦ ናት። ሌላ ሴት ሻሿን በጌጥ መርፌ በምትይዝበት ቦታ፣ ከቀኝ ጆሮዋ ከፍ ብሎ፣ ሚስራ ቀጥ ተደርጋ የተዘረጋች የወረቀት አግራፍ ሰክታለች። ጫፏ ከመነካካት ብዛት ነጭ ሆኖ ያብለጨልጫል። ለጌጥ አይደለችም። የመኪና ቴፕ ሲደነዝዝና ቁልፉ ሁሉ አልታዘዝ ሲል፣ ፊቱ ላይ የጉንዳን ዓይን የምታህል ቀዳዳ አለችው፤ ሚስራ አግራፏን ከሻሿ መዝዛ እዚያች ቀዳዳ ውስጥ ትሰዳታለች። ቴፑ እልም ይላል፤ ከዚያ የነበረውን ሁሉ ረስቶ እንደ ጨቅላ ዓይኑን ይገልጣል። እንዲህ ያለ መርሳት በሽቦ ጫፍ መገኘቱ ያየውን ሁሉ ያስደንቃል፤ እሷ ግን አግራፏን ወደ ቦታዋ መልሳ ወደሚቀጥለው መኪና ታልፋለች።

ሱቋ ዲላ መናኸሪያ አጠገብ ነው፤ ከጎሚስታው ከባንተአምላክ ጋር አንድ የቆርቆሮ ግድግዳ ትጋራለች። ሱቁ የአባቷ የሙሐሲን ነበር። ሙሐሲን ካሴት ሊሸጥ ከስልጤ አገር ወርዶ፣ ካሴት ሲሞት ወደ ጥገና የዞረ ሰው ነው። አሁን ጉልበቱ አልሄድ ብሎት ቤት ውሏል፤ ለልጁ ያወረሳት ትምህርት ግን አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ «ምንጩን ሳታውቂ ካቻቪቴ እንዳታነሺ።» ቴፑን ከሬዲዮ ወደ ፍላሽ፣ ከፍላሽ ወደ ስልክ የምታሸጋግረውን ቁልፍ «ምንጭ» ነበር የሚላት። ድምፅ ለእሱ ውሃ ነው፤ ከሆነ ቦታ ይፈልቃል፤ ሲደፈርስ ቧንቧውን ከመፍታት በፊት የፈለቀበትን ማየት ነው። ያቺ ቃል ሱቁ ውስጥ ቀርታለች። ሚስራ ደንበኛ ሲመጣ እስከ ዛሬ «ምንጩ ምን ላይ ነው?» ብላ ትጀምራለች።

ሌላው የሱቁ ነገር ሹክሹክታው ነው። ልጇ ሀጅራ ከተወለደች ጀምሮ በጠረጴዛው ሥር፣ ጨርቅ በተነጠፈበት የቴሌቪዥን ካርቶን ውስጥ ስትተኛ ኖራለች። ከነቃች ደግሞ አለቀሰች ማለት ነው፤ ልቅሶዋ መጨረሻው ላይ እንደ ህቅታ ተሰብሮ ይቆማል፣ እንደገናም ይነሳል። ስለዚህ እዚያ ሱቅ ውስጥ ሁሉም ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የሚያወራው። ዲላ ውስጥ የጭነት መኪና ሾፌር እንደ ሙሽራ በሹክሹክታ የሚናገርበት ቦታ ይኸው ብቻ ነው። አሁን ሀጅራ ካርቶኑ ጠቧት በእናቷ ጀርባ ላይ ትውላለች፤ ሹክሹክታው ግን አልለቀቀም።

በፍቃዱ የመጣው በጠዋት ነው። ቡሌ ተወልዶ ያደገ፣ በቡሌና በዲላ መካከል ሚኒባስ የሚነዳ ሰው ነው። አማርኛን የተማረው መሪ ከጨበጠ በኋላ ነውና ሴትና ወንድ በአፉ ውስጥ አይለያዩም። ሚስራ «አንተ» ናት፤ የገዛ እናቱም «እሱ» ናቸው። ሚስራ ድሮ ትስቅ ነበር፤ ቆይታ ለመደችው።

«ሚስራ፣ ደህና አደርክ?» አለ ከደጅ ቆሞ። አልገባም።

«ደህና አደርክ፣ በፍቃዱ። ግባ እንጂ።»

«እንዳልከኝ ምንጩን ቀየርኩ። አልተወኝም።»

«ምን ላይ አደረግኸው?»

«ከላይኛው ነው የምቀዳው አሁን። ለመኪናውም ለራሴም። ከታችኛው አንድ ጣሳ አልነካሁም።»

ሚስራ በእጇ የነበረውን ስፒከር ቀስ ብላ አስቀመጠች። ከጥቂት ቀናት በፊት ደውሎላት እንደነበር ትዝ አላት። ቴፑ ራሱን እየቀየረ ይናገራል ሲላት፣ እሷ በሥራ መሀል ሆና «ምንጩ ነው ችግሩ፤ ምንጩን ቀይረውና እየው» ብላ ዘግታበት ነበር። እሱ የቀየረው የሚቀዳበትን የውሃ ምንጭ ነው።

ባንተአምላክ ከጎማው ላይ ሳይነሳ ሳቀ። «እግዜር ያተረፈሽ ነው፣ ሚስራ። ባትሪ ቀይር ብትዪው ኖሮ ልቡን አስወጥቶ በመጣ።»

በፍቃዱ አልሳቀም። ሚስራ መጀመሪያ የፈራችው ያኔ ነው፤ ይህ ሰው ጎማው ፈንድቶም የሚስቅ ሰው ነበርና።

«ንገረኝ እስቲ» አለችው።

«ቡሌ ሳትደርስ መታጠፊያ አለ። ምንጩ መንገዱን አቋርጦ ይሄዳል። እዚያ ስደርስ ሬዲዮው ይንሿሿል። ከዚያ ዝም። ከዚያ ይናገራል።»

«ማን?»

«እሱ።» ወደ ኋላው ዞር ብሎ መኪናውን አየ። «ግራ ይላል። ቀስ አድርጎ። ግራ። ግራ። ስወጣ ገደሉ በግራ ነው፣ ታውቃለህ።»

«ስትወርድስ?»

«ስወርድ ገደሉ በቀኝ ነው። ቀኝ ይላል።»

ባንተአምላክ መዶሻውን መሬት ላይ አስቀመጠ።

«ከኋላው ሕፃን ያለቅሳል» ሲል በፍቃዱ ቀጠለ። «ባለፈው ክረምት እዚያ ናዳ ሰው ወስዷል። ውሃ ሊቀዳ ወርዶ፣ ከነልጁ።»

ሚስራ ልጁን ደረቱ ላይ የታቀፈ፣ ጭቃ ያለበሰው አባት በዓይነ ሕሊናዋ መጣባት። ልታባርረው ሞከረች፤ አልሄደም።

«ተሳፋሪውስ አይሰማም?»

«ተሳፋሪ ያወራል፣ ይዘምራል፣ ይተኛል። ድምፁ ትንሽ ነው። ለእኔ ነው የሚናገረው።» እጆቹን ዘርግቶ የሌላ ሰው እጆች ይመስል ተመለከታቸው። «ትናንት እጄ ዞረ። እኔ አላዞርኩትም።»

«ታዲያ ነቅለህ አትጥለውም?» አለ ባንተአምላክ።

«ነቅዬው ቢናገርስ?»

ባንተአምላክ ወደ ጎማው ተመለሰ። ከመናኸሪያው የረዳቶች ጥሪ ይሰማል።

«ዛሬ ትንቢትን አወርዳለሁ» አለ በፍቃዱ በመጨረሻ። ትንቢት ሚስቱ ናት። «ቀኑ ደርሷል። ሐኪሙ ዲላ ወርዶ ይውለድ አለ። በዚያ መታጠፊያ እንዴት አድርጌ ነው የማሳልፈው?»

ሚስራ መኪናው ውስጥ ገባች። ቴፑን የገዛው ጪጩ ከሚኖር ሰው ላይ፣ ያገለገለ እንደሆነ ነገራት። የምንጭ ቁልፉን ደጋግማ ተጫነች፦ ሬዲዮ፤ ፍላሽ፣ ባዶ፤ ብሉቱዝ፣ ማንም የለበትም። አንቴናውን ነቅንቃ አየችው፤ ደህና ነው። ከቴፑ ፊት በታችኛው ጠርዝ ላይ «ኢየሱስ ጌታ ነው» የሚል ስቲከር ተለጥፏል። በፍቃዱ ድምፁን መጀመሪያ በሰማ ማግሥት የለጠፈው ነው። ሚስራ ጣቷን ወደዚያ አላስጠጋችም። የሰው እምነት የተለጠፈበትን ቦታ ማንም አይነካካም፤ ያውም ሌላ ሃይማኖት ያላት ሴት።

ቴፑ ንጹሕ ነበር፤ ያስፈራትም ንጹሕነቱ ነው። የአባቷን ቃል አሰበች። ምንጩ እዚህ ከሌለ ምንጩ እዚያ ነው። ካቻቪቴዋን ሳታነሳ ሀጅራን አዘለች።

«ልጅቷን እንኳ ተያት» አለ ባንተአምላክ።

«ትጠባለች። አንተ በሩን እይልኝ።»

«በሩስ አይሄድም።» ሊቀልድ ፈልጎ ነበር፤ ድምፁ ግን አልቀለደለትም። «ስሚ፣ ግራ ካለው ቀኝ በይው።»

በፍቃዱ ተሳፋሪ አልጫነም። ባዶው ሚኒባስ ከከተማው ወጥቶ ዳገቱን ያዘ። ቡናው በዛፍ ጥላ ሥር፣ እንሰቱ በቡናው መሀል፣ ቤቶቹ በእንሰቱ መሀል ተደብቀዋል፤ ከፍ ባሉ ቁጥር ቡናው እየሳሳ እንሰቱ እየበዛ ሄደ። ሰፋፊዎቹ ቅጠሎች በነፋስ ሲገለባበጡ አንድ ትልቅ እጅ መጽሐፍ የሚገልጥ ይመስላሉ። ሌላ ቀን ቢሆን ሚስራ በዚህ ሁሉ አረንጓዴ ዓይኗ በጠገበ። ዛሬ ግን ጋቢና ተቀምጣ የበሩን እጀታ ከመያዝ በስተቀር ያየችው ነገር የለም።

ፍርሃቷን በምክንያት ልታስታግሰው ሞከረች። ከሌላ መኪና ስልክ የሚጠለፍ ብሉቱዝ ይሆን? በባዶ መንገድ ላይ የማን ስልክ? የሌላ ጣቢያ ሞገድ ይሆን? የቱ ጣቢያ ነው «ግራ» እያለ የሚያሰራጨው? ምክንያቶቹ አንድ በአንድ ከእጇ ወደቁ።

ሬዲዮው መንሿሿት ጀመረ።

«ይህ ተራራው ነው» አለችው እንደ ማንኛውም ደንበኛ። «በጣቢያውና በአንቴናህ መካከል ቆሞ ነው። ከኃጢአት አይደለም።»

«እሺ» አለ በፍቃዱ፤ ከንፈሩ ግን ጸሎት ላይ ነበር። ሚስራም በልቧ አዑዙ ቢላህ አለች። ሁለቱ እምነቶች በአንድ ጋቢና ውስጥ፣ አንዱ ሌላውን ሳይረብሽ፣ አንዱን መታጠፊያ ፈሩ።

ምንጩ ከቋጥኙ ሥር ወጥቶ፣ መንገዱን ቦርቡሮ ወደ ገደሉ ይወርዳል። ከላይ ናዳው የላጨው ቀይ ቁልቁለት ገና ሣር አልያዘም። ጎማው ውሃው ወደቆፈረው ጉድጓድ ገባና መኪናው ክፉኛ ነጠረ። መንሿሿቱ ቆመ።

ዝም።

«ግራ።»

የሴት ድምፅ ነበር።

ሚስራ መንገዱን ሙሉ ራሷን ያዘጋጀችው ለወንድ ድምፅ ነው፤ «እሱ» ሲላት፣ «ይላል» ሲላት የሳለችው ጭቃ የለበሰውን አባት ነው። አሁን ግን አንዲት ሴት በሹክሹክታ፣ ከበፍቃዱ በር ውስጥ፣ ከገደሉ በኩል ብቻ ትጠራዋለች። በእሷ በኩል ያለው ስፒከር ጭጭ ብሏል።

«ግራ። ግራ።»

ከድምፁ ኋላ ሕፃን አለቀሰ። ልቅሶው መጨረሻው ላይ እንደ ህቅታ ተሰበረ፤ እንደገናም ተነሳ።

ሚስራ እጇን ወደ ጀርባዋ ወረወረች። ሀጅራ ተኝታለች። ትንፋሿ የእናቷን አንገት ያሞቃል። ልጇ ጀርባዋ ላይ ተኝታ፣ የልጇ ልቅሶ ደግሞ ከገደሉ በኩል ይመጣል። 

የበፍቃዱ እጆች ዞሩ። ዓይኑ አልዞረም፤ ፊቱ ወደ ፊት እንደ ቀና እጆቹ ብቻቸውን ወደ ግራ ሄዱ።

«ቀኝ» አለች ሚስራ። መሪውን ያዘችና በሙሉ ክብደቷ ወደ ራሷ ሳበችው። መኪናው ተንገጫግጮ የቀኝ ጎማው ቦይ ውስጥ ገባና ከአፈሩ ግድግዳ ጋር ተደግፎ ቆመ።

ሞተሩ ጠፋ፤ ቴፑ ግን አልጠፋም።

«እሽሽ… እሽሽ፣ የኔ እናት» አለች ሴትዮዋ ውስጥ ሆና። «ግራ።»

ያኔ ሚስራ አወቀች። ሰው በስፒከር የወጣ የራሱን ድምፅ አያውቅም፤ እናት ግን የልጇን ልቅሶ አትስትም። ሀጅራ ገና ጨቅላ ሳለች፣ የትኛው ስፒከር ከየትኛው ገመድ ጋር እንደተሳሳተ ለመለየት አንድ ሚሞሪ ካርድ አዘጋጅታ ነበር። «ግራ» ስትል በግራው ብቻ፣ «ቀኝ» ስትል በቀኙ ብቻ፣ «ሁለቱም» ስትል በሁለቱም እንዲሰማ። ልጅቷ እንዳትነቃ በሹክሹክታ ነበር የቀዳችው፤ ልጅቷም ነቅታ ነበር። ካርዷን የመጣ ቴፕ ሁሉ ውስጥ እየከተተች ስትፈትሽበት ከርማ፣ አንድ ቀን ከአንዱ ውስጥ ሳታወጣ ቀረች። ያ ቴፕ ጪጩ ሄደ፤ ከጪጩ እዚህ መጣ። ካርዷ ከማስገቢያው ውስጥ ላልታ ተቀምጣለች፤ ምንጩ ጋ መኪናው ሲነጥር ትነካካለች፣ ቴፑም አዲስ ካርድ የገባለት መስሎት ሬዲዮውን ትቶ ወደ እሷ ይዞራል። ቀጣዩ ጉድጓድ ያላቅቃታል። ሲወርድ ደግሞ ካቆመበት፣ ከ«ቀኝ» ይቀጥላል።

ሁሉም ነገር ግልጽ ሆነ፤ ፍርሃቷ ግን አልለቀቃትም፣ ቦታ ብቻ ቀየረ። ከጋኔን ሰው ይሸሻል። ከገዛ ድምፁ ወዴት ይሸሻል? ተሳፋሪ የሞላበት መኪና በዚህ በኩል ሲያልፍ፣ እሷ ዲላ ሱቋ ውስጥ ተቀምጣ፣ ወደ ገደሉ ስትጠራቸው ከርማለች።

«በፍቃዱ» አለች። «አሁን ቀኝ ትላለች።»

«ቀኝ» አለ የሚስራ በር።

በፍቃዱ በሩን ከፍቶ ወረደና መንገዱ መሀል ቆመ።

«ቀጥላ ሁለቱም ትላለች።»

«ሁለቱም» አሉ በሮቹ ሁሉ።

«እንዴት አወቅክ?» አለ ከውጭ።

«እኔ ነኝ።»

ከዚህ የከፋ መልስ አልነበረም። በፍቃዱ ወደ ኋላ እየሄደ መዳፉን ዘረጋባት። «በኢየሱስ ስም» አለ። «ከሚስራ ውጣ።»

«ውስጤ ማንም የለም። ካርድ ነው፤ የመፈተሻ ካርድ፤ እኔ የረሳሁት። ማስገቢያው ከዚህ ጽሑፍ ሥር ነው። ሸፍነኸው ነው ያላየሁት።» ስቲከሩን አመለከተች። «እኔ አልነካውም፤ ያንተ ነው። አንተ ላጠው።»

«ስልጠው ቢወጣብኝስ?»

«ከወጣ በእኔ ላይ ይውጣ።»

ቀስ ብሎ መጣ። የስቲከሩን ጥግ በጥፍሩ ይዞ ላጠና፣ ለአፍታም ሜዳ ላይ እንዳይቀር ከፍ አድርጎ ዳሽቦርዱ ላይ መልሶ ለጠፈው። ሚስራ አግራፏን ከሻሿ መዘዘች። ጠባቧ ማስገቢያ ውስጥ ሰድዳ ገፋ፣ ጎተት አደረገች። የጥፍር ያህል ካርድ ወጣ። ድምፁ ቃሉን ሳይጨርስ ተቆረጠ፤ በመኪናው ውስጥ የሚሰማው የእውነተኛው ምንጭ ውሃ ብቻ ሆነ።

በፍቃዱ ካርዱን በመዳፏ ላይ ለረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ ቀና ብሎ ፊቷን አየ።

«አንቺ ነሽ» አለ።

ከተዋወቁ ጀምሮ «አንቺ» ሲላት የመጀመሪያው ነበር።

«እኔ ነኝ። ይቅር በለኝ።»

 «ትንቢት ይጠብቀኛል» ብሎ ገብቶ ሞተሩን አስነሳና መኪናውን ከቦዩ አወጣው።

ከቡሌ ሲመለሱ ጉሙ ወርዶ ነበር። ትንቢት ከኋላቸው ባለው ወንበር ላይ ትራስ ተደግፋ፣ ሀጅራን ከትልቁ ሆዷ አጠገብ አቅፋ ተቀምጣለች። ዲላ የተማረች፣ አንደበቷ የማይደክም ሴት ናት።

«ለቅሶ ነው እንዴ የምንሄደው?» አለች። «ሬዲዮ እንኳ የለም?»

«ተበላሽቷል» አለ በፍቃዱ።

«ጠጋኟ ጋቢና ተቀምጣ?»

 ትንቢት የሆነ ነገር ልትጨምር አፏን ከፍታ ሆዷን ያዘች፤ ቀልዷን ዋጠችው። ሚስራ በመስታወቱ ውስጥ ፊቷ ሲጨማደድ አየች። ጊዜው እያጠረ ነው።

መታጠፊያው አፋፍ ላይ በፍቃዱ ፍሬን ያዘ። ወደ ፊት ነጭ ጉም ነው፤ በቀኝ ገደሉ፣ በግራ ተራራው፣ ሁለቱም አይታዩም። ቴፑ ዝም ብሏል። ዝምታው ግን ባሰ፤ በፍቃዱ ጆሮውን አቁሞ ያንን ቃል ይጠብቃል።

«እጄ» አለ በሹክሹክታ። «እጄ አይታዘዘኝም።»

«ምን አለ?» አለች ትንቢት።

ሚስራ ወረደች። መብራቱ ፊት ለፊት ሄዳ ቆመችና በግራ እጇ ተራራውን ዳሰሰች፤ እርጥብና ቀዝቃዛ ነበር። ከዚያ ረዳት በክፉ መንገድ ላይ ሾፌሩን እንደሚመራ፣ ጀርባዋን ለመኪናው ሰጥታ እጇን አነሳች።

«ግራ» አለች።

ይህችን ቃል ስትቀዳት በሹክሹክታ ነበር። አሁን በሙሉ ደረቷ አወጣቻት፤ የራሷ ድምፅ እንዲህ ትልቅ መሆኑን አታውቅም ነበር። ተራራው ተቀብሎ መለሰላት። መኪናው ውስጥ ሀጅራ ነቃች፤ እናቷን አጥታ አለቀሰች፤ ልቅሶው መጨረሻው ላይ እንደ ህቅታ ተሰበረ።

በፍቃዱ መሪውን አጥብቆ ያዘ። ያው ቦታ፣ ያው ቃል፣ ያው ልቅሶ። ፍሬኑን ለቀቀ።

«ግራ። ግራ ያዝ። ና። ና።»

ጎማው ወደ ጉድጓዱ ገባ፣ ነጠረ፣ ወጣ። ሚስራ ዞራ አላየችም። ውሃውን ረግጣ ወደ ጉሙ ሄደች፤ መጀመሪያ እግሮቿ፣ ከዚያ ትከሻዋ፣ ከዚያ ሻሿ ጠፋ፤ ከቀኝ ጆሮዋ በላይ ያለችው አግራፍ የመብራቱን ብርሃን ይዛ ጥቂት ቆየች። እሷም ስትጠፋ ድምፁ ቀረ፤ እየራቀ፣ «ግራ» እያለ፣ መኪናውም ተከተለው።